46 ፊት፣ አንድ ነጭ ግድግዳ

«ይድረስ ለጋሼ፤ ጤና ይስጥልኝ። ሰርግና ልደት ማንሳት ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አንድ ድርጅት የሠራተኞቹን ፎቶ ለድረ ገጹና ለዓመታዊ መጽሔቱ እንዳነሳለት ጠራኝ። 46 ሰው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የስብሰባ ክፍላቸውን ሰጡኝ። ነጭ ግድግዳ እያስደገፍኩ፣ አንድ ፍላሽ በጃንጥላ አድርጌ፣ በ24-70 ሚሊ ሜትር ሌንሴ ጨረስኩት። ክፍሉን ትልቅ ጠረጴዛ ሞልቶት ስለነበር ራቅ ብዬ ማንሳት አልቻልኩም። ፎቶዎቹን ስልክላቸው የሰው ኃይል ኃላፊዋ የሠራተኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይጠይቁኝ። ግማሹ ጠቆርኩ ይላል፣ ግማሹ ገረጣሁ ይላል፣ መነጽር ያደረጉት ሰዎች ዓይናቸው አይታይም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ‹ይሄ እኔ አይደለሁም፤ አፍንጫዬን ምን አድርጎት ነው?› አሉ አሉኝ። አንዷ ልጅ ፎቶዬ ኢንተርኔት ላይ እንዳይወጣ ብላ አኩርፋለች። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ ይዘውብኛል። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በብድር ልገዛ አስቤያለሁ። ልግዛው? ወይስ ይሄ ሥራ የእኔ አይደለም? — ፎቶ አንሺው፣ ከሀዋሳ»

ወንድሜ፣ ሌንሱን አትግዛ።

ከደብዳቤህ ውስጥ ብድር ውስጥ የሚያስገባ ነገር ፈልጌ አጣሁ። የሥራ አስኪያጁን አፍንጫ ያሳበጠው የቆምክበት ቦታ ነው። በጠረጴዛውና በሰውየው መካከል ተጣብቀህ፣ ሰፋ አድርጎ እንዲያይልህ ሌንሱን ወደ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ አውርደህ፣ ከፊታቸው 70 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደነበርክ ፎቶውን ሳላየው እገምታለሁ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከ70 ሴንቲ ሜትር ስታነሳ፣ አፍንጫው ለካሜራው ስለቀረበ ብቻ ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር 17 በመቶ ያህል ገዝፎ ይወጣል። 2 ሜትር ስትርቅ ይህ ልዩነት ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ማንም አያስተውለውም። በእጅህ ያለውን ሌንስ 70 ላይ አድርገህ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። 85ቱም ቢሆን ከዚህ የተለየ ተአምር የለውም፤ እንድታፈገፍግ ያስገድድሃል፣ በቃ። አንተን የቸገረህ ጠረጴዛውን የሚያነሱ ሁለት ጎበዞች ማጣት ነው። የስብሰባ ክፍል ሲሰጡህ «ጠረጴዛው ይወጣል ወይ?» ብለህ ካልጠየቅህ የሥራው ግማሽ እዚያው ተበላሽቷል።

ሥራው የእኔ አይደለም ወይ ላልከው ግን ቶሎ መልስ አልሰጥህም። ሰርግ ላይ ሰው ራሱን ረስቶ ነው የሚገኘው። እናት ታለቅሳለች፣ አጎት እስክስታ ይወርዳል፣ ሚዜው ላብ በላብ ሆኗል፤ አንተ እንደ አዳኝ እየዞርክ ትለቅማለህ። ያልሆነውን ትጥላለህ፣ የሆነውን ታስረክባለህ፣ የጣልከውን ማንም አያውቅም። ቢሮ ላይ ሰው ራሱን አስታውሶ ነው የሚመጣው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሟል፣ የማይወደውን ጉንጩን አይቷል፣ «ዛሬ ፎቶ አለ» ብሎ አዲስ ከራቫት አስሯል። ከ46ቱ እያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ያችም ሥራ እስኪቀይር ድረስ አብራው ትኖራለች። አንተ ደግሞ 3 ሰዓት ለ46 ብታካፍለው ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ከዚያ ላይ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ ስልኩን የሚያነሳው፣ ኮቱን ተውሶ የሚመጣው አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው የሆነብህ።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጉርድ ፎቶ። የቀበሌ መታወቂያ ሲወጣ ጉርድ፣ ለፈተና ሲመዘገቡ ጉርድ፣ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ጉርድ፣ ሥራ ሲቀጠሩ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ቅረቡ»። ሰዉ ከልጅነቱ ጀምሮ ካሜራ ፊት ምን እንደሚጠበቅበት ተምሯል፤ ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ። ግድግዳ አስደግፈህ ካሜራ ስትደቅንበት ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል። ትከሻው ይወጣል፣ አገጩ ይነሳል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ትንፋሹ ይቆማል። አንተ ደግሞ «ፈገግ በሉ» ትላለህ፤ ይባስ ብሎ ከንፈሩ ብቻ ይሳሳል። የሚወጣው ፎቶ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ፎቶ ይመስላል።

እኔ ግድግዳ ማስደገፍ ከተውኩ ቆየሁ። መደገፊያ የሌለው ከፍ ያለ ወንበር ይዤ እሄዳለሁ። ሰውየው ጫፉ ላይ ቁጭ ሲል ወገቡ ይቃናል፤ ትከሻውን ከካሜራው ትንሽ ዘወር አስደርጌ ፊቱን ብቻ ወደ እኔ አመጣለሁ። «አገጭዎን ዝቅ» አልልም፤ ዝቅ በል ሲባል ሰው ወደ ውስጥ ይሰበስበውና ሁለት አገጭ ያወጣል። «ግንባርዎን ወደ እኔ ትንሽ ያምጡልኝ» እላለሁ። ለራሱ እንደ ኤሊ አንገቱን ያወጣ ይመስለዋል፤ ፎቶው ላይ ግን መንጋጋው ይለያል። ከራቫቱ ከተጣመመ በእጄ አልነካም፤ የራሴን ደረት እያሳየሁ «በዚህ በኩል» እላለሁ። ሴቶች ላይ ደግሞ እጅህን ጨርሶ ሰብስብ፤ ሻሽ ይሁን ሒጃብ ይሁን ጸጉር፣ መስታወት አቀብለህ ራሷ ታስተካክለው። ርካሽ የእጅ መስታወት ከሁለተኛ ፍላሽ የበለጠ ይጠቅምሃል።

ከዚያ ወሬ። ሥራ ክፍሉን ጠይቀው፣ ግን «የት ነው የሚሠሩት?» ብለህ አይደለም፤ ያ የመታወቂያ ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ፊቱ እንደ ድንጋይ የተዘጋ የግዥ ክፍል ሰው ገጠመኝ። ሰባት ስምንት ጊዜ አነሳሁት፣ ምንም የለም። ኪሱ ላይ የታክሲ ሳንቲም ይንቃጨላል፤ «ለረዳቱ ነው ወይስ ለልጆቹ?» አልኩት። «ለልጆቹ! በር ላይ ነው የሚፈትሹኝ» ብሎ ዓይኑ ተከፈተ። ያቺ ፎቶ እስከ ዛሬ የቫይበር ምስሉ ናት። ሁሌ ሳንቲም አይገኝም እንግዲህ። ምንም ባታገኝ «በረጅሙ ወደ ውጭ ይተንፍሱ» በል፤ ተንፍሶ ሲጨርስ ያለችው ግማሽ ሰከንድ ላይ አንሳ።

ክፍሉ ውስጥ ከአንተና ከሚነሳው ሰው ሌላ ማንም እንዳይቆም አድርግ። ተራ የሚጠብቁት ኮሪደር ላይ ይሁኑ። ከኋላህ ቆመው «ሳቂ እንጂ! ለባልሽ የምትስቂውን!» የሚሉት ናቸው ፊቱን የሚያበላሹት፤ ደግሞ ሁሉም መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ አለ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። «ጠቆርኩ» ባዮቹና «ገረጣሁ» ባዮቹ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ የሚያወሩት ስለ አንድ ችግር ነው። አልነገርከኝም እንጂ ካሜራህም ፍላሽህም አውቶ ላይ ነበሩ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው የሰው ፊት ይሁን የጤፍ ማሳ አያውቅም፤ ያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጠይም ሰው ነጭ ግድግዳ ላይ ሲቆም ካሜራው «ኧረ ይሄ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ግድግዳው ግራጫ፣ ሰውየው ከሰል ሆኖ ይወጣል። ቀጥላ ጥቁር ሱፍ የለበሰች ቀይ ሴት ትመጣለች፤ ሱፉ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ይጨምራል፤ እሷ ትገረጣለች። ለ46 ሰው 46 ጊዜ ተወስኗል፤ አንድም ጊዜ የወሰንከው ግን አንተ አልነበርክም።

ሁሉንም ማኑዋል አድርግ። ሻተር 1/160፣ አፐርቸር 5.6፣ አይኤስኦ 200፤ ፍላሹም ማኑዋል። ከዚያ ፍላሹን አጥፍተህ አንድ ፎቶ አንሳ። ስክሪኑ ጥቁር ጭልም ካለ ጥሩ ነው፤ የጣሪያው መብራት አረንጓዴ ይሁን፣ መስኮቱ ሰማያዊ ይሁን፣ ደመና ይምጣ ይሂድ፣ ምንም አያገባህም። ፊቱ ላይ የሚያርፈው ያንተ ብርሃን ብቻ ነው ማለት ነው። ጥቁር ካላለ መጋረጃውን ሳብ፣ መብራቱን አጥፋ። ሰርግ ላይ አይኤስኦ 1600 አድርገህ ያለውን ብርሃን ሁሉ መሰብሰብ ለምደሃል፤ ቢሮ ላይ የሚያስፈልገው ማባረር ነው። ፍላሹን ስታበራ የመጀመሪያውን ፎቶ ግራጫ ካርድ (ለቀለም ማመሳከሪያ የሚሆን ግራጫ ወረቀት) አስይዘህ አንሳ፤ የቀለሙን ነገር እዚያ ላይ አስተካክለህ ለ46ቱም ትገለብጠዋለህ። መብራት ቢሄድ የአንተ ፍላሽ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ሦስት ዙር ባትሪ ያዝ፤ በየመሃሉ አሳርፈው፣ ይግላል።

ሰውየውን ከግድግዳው 2 ሜትር አርቅ። ጃንጥላውን ለፊቱ 1 ሜትር አቅርብ። ብርሃን በርቀቱ ስኩዌር ነው የሚቀንሰው፤ ግድግዳው ከጃንጥላው 3 ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው ፊቱ ላይ ካረፈው አንድ ዘጠነኛው ነው። ስለዚህ ያ ነጭ ግድግዳ ፎቶው ላይ ደስ የሚል ግራጫ ይሆናል፣ ከኋላው የተለጠፈው ጥላም ይጠፋል። ለግራጫ ጨርቅ የምታወጣው ብር ኪስህ ቀረ። ግራጫ ላይ ደግሞ ጥቁር ጸጉርም ነጭ ጸጉርም፣ ቀዩም ጠይሙም እኩል ይለያሉ፤ 46ቱ አንድ ገጽ ላይ ሲደረደሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የቆዳን ነገር ትንሽ ላቆይህ፤ ቅሬታው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ጠቆር ያለ ቆዳ ውበቱ ያለው አንጸባራቂነቱ ላይ ነው፤ ልክ እንደ ተወለወለ ዋንዛ። ትንሽ ፍላሽ በቀጥታ ብትተኩስበት ግንባሩ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትሠራለች፣ ሌላው ጨለማ ይሆናል። ትልቅ ብርሃን አቅርበህ ከጎን ብትሰጠው ያ ነጥብ ሰፍቶ ጉንጩን፣ የአፍንጫውን አጥንት፣ መንጋጋውን ይስልልሃል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ኃይል አትጨምር። ጃንጥላውን ፍሬም ውስጥ ሊገባ እስኪል አቅርበው፤ ስትቀርብ ብርሃኑ በራሱ ስለሚጨምር ከፍላሹ ላይ መጥነህ ቀንስ። በወዲያኛው ጎን አንድ ነጭ ካርቶን የሚይዝ ሰው አቁም። በሀዋሳ ሙቀት ግንባር ማብረቁ አይቀርም፤ ሶፍት አቀብለው፣ ይጫነው እንጂ አይጥረገው። ወንዱን ፓውደር ልቀባህ ብትለው ይቀየምሃል። አመድ የመሰለ ከንፈርና እጅ ይዞ ለሚመጣ ደግሞ ትንሽ ቫዝሊን ቦርሳህ ውስጥ ይኑር።

ይህ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእነሱው ላቦራቶሪዎች ፎቶ ሲታጠብ ቀለሙ የሚስተካከለው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሁሉም አማረ ይባላል። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ እስኪመጣ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ካሜራ በነባሪው የእኛን ፊት አስቦ እንዳልተሠራ ካወቅህ አውቶ ላይ ትተህ አትተኛም።

መነጽር። ብርሃን እንደ ኳስ ነው፤ በመታበት ማዕዘን ነጥሮ ይመለሳል። ጃንጥላህ በሰውየው ዓይን ልክ ቆሞ ከነበረ ነጥሮ ሌንስህ ውስጥ ገባ። ስታንዱን ከፍ አድርገህ ወደ ጎን አውጣው፤ ከዚያ የመነጽሩን ክንድ ከጆሮው ላይ በጣም ትንሽ ከፍ አስደርገው፤ መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ነጸብራቁም መሬት ይወርዳል። ከፊት ሲያዩት አይታወቅም። «አውልቁት» ግን አትበል። 20 ዓመት በመነጽር የሚያውቁትን ሰው ያለ መነጽር ብታሳያቸው ሌላ ሰው ነው።

ሥራ አስኪያጁን ለብቻ እንያቸው። አለቆች ፎቶ ሲነሱ አንድ ያረጀ ምስል በልባቸው አለ፤ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ባንዲራ፣ እጅ በእጅ ላይ። ይህ ከየት መጣ አትበል፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆቹም ከእሱ በኋላ ለቤተ መንግሥቱ ካነሱበት ዘመን ጀምሮ የሹም ፎቶ እንዲህ ነው ብለን ይዘነዋል። ስለዚህ እሳቸው የሚፈልጉትን አንድ ከነባንዲራው አንሳላቸው፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር እኩል የሚሄደውን» በልና ወንበሩ ላይ አስቀምጣቸው። በመጀመሪያው ደስ ስላላቸው ሁለተኛውን አይከለክሉህም። የሚሰጡህ ጊዜ ግን 3 ደቂቃ ነው፣ ያውም ስልክ ካልመጣ። እሳቸውን አስቀምጠህ ብርሃን የምታስተካክል ከሆነ አለቀልህ። ቀደም ብለህ በቁመትም በመልክም የሚቀራረብ ሰው ለምነህ ሞክርበት። እኔ ብዙ ጊዜ የበሩን ጥበቃ ነው የምለምነው። አለቃው ሲመጡ ሁሉም ተስተካክሏል፤ ቁጭ ይላሉ፣ ሁለት ቃል፣ ስምንት ፎቶ፣ ጨረስን። የጥበቃውን አሳጥበህ መውሰድ እንዳትረሳ። በአንድ መሥሪያ ቤት ከሁሉም ያማረው የጥበቃው ሆኖ ቁጭ ብለን ስቀናል፤ እሱ ቸኩሎ አልነበረማ።

ኤዲቲንግ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን አንስቼ ማጽዳቱን ለአንድ ፈጣን ልጅ ሰጠሁት። ድርጅቱም አየ፣ መጽሔቱም ታተመ። በሦስተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ክፍል ሴት መጽሔቱን ይዘው ስቱዲዮዬ መጡ። ገጹን ገልጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ይቺ ማን ናት?» አሉኝ። እርስዎ ነዎት አልኩ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉት፤ ሦስት ዙር ንቅሳት። ፎቶው ላይ ግን አንገታቸው እንደ ሸክላ ለስልሶ ባዶ ነው። «እናቴ ያስነቀሰችኝን አንተ ፋቅከው» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ልጁ ቆሻሻ መስሎት ነው ያጠፋው፤ እኔም ሳላይ ነው ያስረከብኩት። ከዚያ ወዲህ በሁለት ሳምንት የሚጠፋውን ብጉር ነው የማጠፋው፤ አብሮ የኖረውን ጠባሳ፣ ጥቁር ነጥብ፣ ንቅሳት ባለቤቱ ካላለኝ አልነካም።

«ትንሽ ቀላ አድርገኝ» የሚልህ ይመጣል፤ ወንዱም ሴቱም። አትሳቅበት፣ አትስበክበትም። ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ አሳየው፤ እንዳለው የቀላውንና በደንብ የበራውን። እኔ ዘንድ አብዛኛው የበራውን ነው የሚመርጠው፤ ሲጀመርም የጠየቀህ እንዳይጨልም ነበርና። አልሆነም ካለ ግን «46ታችሁ አንድ ገጽ ላይ ስትወጡ አንተ ብቻ ከሌላ አገር የመጣህ ትመስላለህ» በለው።

ስላኮረፈችው ልጅ፤ እሷ ልክ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ለባለሥልጣንና ለታወቀ ሰው ለየት ያለ ድንጋጌ አለ፤ የቢሮ ሠራተኛ ግን እዚያ ውስጥ አትገባም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ያለበት አሠሪው ነው፤ አንተ ግን ከመጀመሪያው «ድረ ገጽ፣ መጽሔት፣ ፌስቡክ» ብሎ ለይቶ የሚያስፈርም አንድ ገጽ ወረቀት እንዲያዘጋጁ ጠይቅ። የተቆጣችው ስለ ፎቶህ አይደለም፤ ማንም ስላልጠየቃት ነው። እሷን ደውለህ አታባብል፤ የእሷን ፋይል ለይተህ ለኃላፊዋ ንገራቸው።

ቴሌግራም ላይ የሆነው ነው ከሁሉም የሚያናድደው። ፎቶ በፎቶነቱ ስትልክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ በፋይል ካልላክህ ጥርት ያለው ይደበዝዛል። «ደብዝዣለሁ» የሚል ካለም የዚህ ሰለባ ይሆናል። ግን ትልቁ ጥፋት 46 ሰው በ46 ሰው ላይ እንዲፈርድ መለቀቁ ነው። የማን ፎቶ ይጽደቅ የሚለውን የሚወስን አንድ ሰው፣ በስም፣ ውሉ ላይ መኖር ነበረበት። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ሦስት አሳየዋለሁ፣ አንዱን ይመርጣል፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ራሱ የመረጠውን ፎቶ ማንም በኋላ «ይሄ እኔ አይደለሁም» አይልም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ዛሬ ማታ ፎቶዎቹን ሦስት ቦታ ክፈላቸው፤ ደህና የወጡት፣ በኤዲቲንግ የሚድኑት፣ እንደገና የሚነሱት። በራው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ የጠቆሩትና የገረጡት አብዛኞቹ ይድናሉ፤ አንድ ስቶፕ ማንሳትና ማውረድ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ፣ ለራው ቀላል ነው፤ ቀለማቸውን አንድ ላይ አስተካክለህ እንደ አዲስ ላክ። በጄፔግ ብቻ ከሆነ ጥቂቶቹን ታጣለህ። የመነጽሮቹን ነጸብራቅና የተጠጋህባቸውን አፍንጫዎች ግን ኤዲቲንግ አያድናቸውም፤ ሥራ አስኪያጁ፣ መነጽር ያደረጉት፣ በግልጽ የተጣመሙት። 18 ሰው ቢሆኑ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ስትይዝ 1 ሰዓት ተኩል ነው። እነዚህን በነጻ ድገም፤ 46ቱንም እደግማለሁ ብለህ ግን ራስህን አትጣል፤ ደህና የወጡትን ደህና ናቸው ብለህ ቁም። ስለ ገንዘቡ ክርክር አታንሳ፤ በድጋሚው ርክክብ ቀን ይከፈላል ብለህ ቀኑን አስጽፍ።

ለኃላፊዋ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላክላቸው፤ ለአለቃቸው ማሳየት ይችሉ ዘንድ። እንዲህ በል፦

«እንደምን ዋሉ። በሠራተኞቹ ፎቶ ላይ የመጣውን አስተያየት በሙሉ አይቻለሁ። የ28 ሰዎች ፎቶ ተስተካክሎ በፋይል ተያይዟል። የ18 ሰዎችን ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ባነሳ ይሻላል፤ ዝርዝራቸው ከታች አለ። ለዚህ የስብሰባ ክፍሉን ለ3 ሰዓት እፈልጋለሁ፤ የመጀመሪያው 1 ሰዓት ለመብራት ዝግጅት ነው። እያንዳንዱ ሰው ፎቶውን እዚያው ይመርጣል። የመጨረሻውን ርክክብ እርስዎ ቢፈርሙልኝ፤ ቀሪው ክፍያም በዚያው ዕለት ቢፈጸም። ፎቷቸው እንዲወጣ ያልፈቀዱ ሠራተኛ ስላሉ የእሳቸውን ለይቼ አስቀምጫለሁ።»

ከላይ ቁጥሩን እንደ ልክህ ቀይረው። ጠረጴዛው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ መጨረሻው ላይ መጻፍ እንዳትረሳ።